ቃሉና አመዱ

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው ጥላዬን እየሰፈርሁ ስለነበር ነው። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጥላውን በእግሬ እየሰፈርሁ፣ "አባባ፣ ደርሷል" የምለው እኔ ነኝ።

ቤታችን አንኮበር ነው፤ ጣራ ከጣራ ተጠጋግቶ ከተሠራበት ተረተር ላይ። ከደጃችን ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ቆላው እስከ አዳል በረሃ ድረስ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከዚያ ሽቅብ ይወጣና የሣር ጣራዎቹን ያበጥራቸዋል።

አባቴ ከደብረ ብርሃን የመጣ የመጻሕፍት መምህር ነው። ዓይኑ ባይደክም ኖሮ እኔ ከዳዊት አልፌ አልማርም ነበር፤ የሚያነብለት ሰው ስላጣ አስተማረኝ። መጽሐፍ ላይ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማንበብ፣ የተባለውንም እንደተባለ መድገም ልማዴ ሆነ። ሰው ፊት ግን አፌን መክፈት አይሆንልኝም። ለአባቴ ቀኑን ሙሉ ሳነብ እውልና እንግዳ ሲገባ ድምፄ ይጠፋል።

በዚያ ማክሰኞ ከደጃችን የጥጥ ነጋዴዋ ተቀምጣ ነበር። ከአልዩ አምባ ጥጥ ተሸክማ የምትወጣ የአርጎባ ሴት ናት። እናቴ በሕይወት ሳለች ወዳጇ ነበረች፤ እናቴ ካረፈችም በኋላ አንኮበር ስትወጣ የምታድረው እኛው መደብ ላይ ነው። ሥጋ አብረን አንበላም፤ ቆሎውን ግን ከአንድ ሰፌድ እንቆረጥማለን፣ ውሃዋን ከራሷ ቅል ትጠጣለች። ያን ጊዜ የመጣችው ጥጡን በገብስ ልትለውጥ ነበር። ሴት ልጇ የበኩሯን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ለአራስ ገንፎ የሚሆን የደጋ ገብስ ይዛ ዓርብ ቤቷ መግባት አለባት። "ዓርብ ካልደረስሁ እናት እንደሌላት ሰው ብቻዋን ልታምጥ ነው" ትለኝ ነበር፤ በየጥቂቱ ቁልቁል ቆላውን እያየች።

አባቴን ጠርቼ ሳልጨርስ የክርስትና እናቴ መጣች። ጎረቤታችን ናት። እሳቷ ጠፍቶባት ልትጭር ነው። ከምድጃችን ፍም በሸክላ ገል ላይ አድርጋ ወጣች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በእኛ አጥርና በሽማግሌው ጎረቤታችን የገብስ ክምር መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነው። ነፋሱ ገሉ ላይ ያለውን ፍም ያቀላው ነበር።

"እሱን ሳትሸፍኚ ልትሄጂ ነው?" አለች የጥጥ ነጋዴዋ።

"ቤቴ እዚህ ማዶ አይደለም እንዴ? ቆላ ልወርድበት ነው?"

የጥጥ ነጋዴዋ በአገጯ ወደ ክምሩ አመለከተች። "ይህ ክምር አንድ ቀን ይነዳል። ያን ጊዜ ማን አነደደው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ" አለች።

እየሳቀች ነው ያለችው። እያለችም ተነሣች፤ ከደጃችን ከተደፋው አመድ በእፍኟ ዘግና ፍሙን አለበሰችው። አንዱ ፍም ጣቷን ለበለባትና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

"እሰይ" አለች የክርስትና እናቴ። "አፍሽን በእሳት አጠብሽው። ሁለተኛ በሰው ክምር አታሟርቺም።"

"ያንቺን ምላስ የሚያጥብ እሳት ከየት ይገኛል ብለሽ ነው፣ እትዬ?"

ሁለቱም ሳቁ። የክርስትና እናቴ የተሸፈነውን ፍም ይዛ ሄደች።

ቃሉ ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለውን ንግግር ስሰማ ስሙን መፈለግ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ እንግሊዝ ዝናብ አግዶት በሰፈራችን ከርሞ ነበር። የቃላት መጽሐፍ ይሠራ ነበርና በየቀኑ እየመጣ አባቴን ይጠይቃል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን በቋንቋቸው ሪማርክ ስለሚሉት ቃል ጠየቀ። ሰው አንድ ነገር አይቶ አጠር አድርጎ ጣል የሚያደርገው ንግግር ነው አለ።

"ማን ነው የተናገረው?" አለው አባቴ።

"ማንም ሊሆን ይችላል።"

"ለማን?"

"ለማንም።"

"ደግ ነው ክፉ?"

"ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።"

አባቴ ሳቀ። "እንግዲህ ለቃሉ ስም የምሰጠው ተናጋሪውን ሳላይ ነው?" አለ። ቢሆንም ብዙ ስም ሰጠው። ትልቅ ለትንሽ ሲናገረው ምክር ነው፤ ፊቱን ካጠቆረ ተግሣጽ ነው። ትንሽ ለትልቅ ከተናገረው ድፍረት ይባላል። ወዳጅ ለወዳጅ ሲለው ቀልድ፣ አንዱን እያየ ሌላውን ሲነካ አሽሙር፣ ሰውዬው በሌለበት ሲሆን ሐሜት። ገና ስላልመጣ ክፉ ነገር ከሆነ ሟርት፤ ክፉውን እኔ አመጣዋለሁ ካለ ዛቻ። እንግሊዙ ሁሉንም እየጻፈ፣ "እኛ ዘንድ አንዲት ቃል ትበቃለች" አለ፤ የደከመው ይመስል ነበር።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "አባባ፣ ትዝብትስ?" አልሁ በሹክሹክታ።

"ትዝብት ያንቺ ነው፣ ልጄ" አለኝ። "ሳይናገሩት ሲቀር ነው።"

እንግሊዙ እሱንም ጻፈው። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ደብረ ብርሃን አለፈ።

ማክሰኞ የሰማሁትን፣ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ምክር ብዬ በልቤ አስቀመጥሁትና ተውሁት።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክምሩ ተቃጠለ። ለአባቴ እያነበብሁ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የክርስትና እናቴን ጩኸት ነው። ስወጣ ነበልባሉ ከክምሩ ወደ ሽማግሌው ጣራ ተሻግሯል። ሰዉ በእርጥብ ቁርበትና በቅጠል ይደበድበዋል፤ የጥጥ ነጋዴዋ ከሁሉ ፊት ሆና በራሷ ቅል ውሃ ታመላልሳለች። ሽማግሌው ጥጆቹን አውጥቶ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቤቱ ሲያልቅ አየ። የማን ፍም እንደነበረ አላየሁም። ያየም ሰው አልነበረም።

በአገራችን ቤት ያቃጠለ ሰው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ አድራጊው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። በውቂያ ጊዜ ከአውድማው ቀርቶ መዋል ሰውን ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚገኝ ስም ይወደዳል። የሰማ ያየ በግላጭ እንዲናገር አይገደድም። ሽማግሌዎች ከድንጋይ ካብ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ በዚያ ያልፋል፤ የሚያውቅ ያወቀውን ሹክ ይላቸዋል። የተናገረው ማን እንደሆነ አይገለጥም፤ ወፍ ነገረችን ይባላል። ወፍ የሆነ ሰው ወፍ ነበርሁ አይልም። ይህ ከጥንት የቆየ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አባቴን እየመራሁ ስወርድ የክርስትና እናቴ ከኋላ ደረሰችብኝ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር።

"ማክሰኞ ያለችውን ሰምተሻል አይደል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ የሰማሽውን ማለት ነው። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። እንዲያ አይደል አባትሽ ያስተማረሽ?"

እጄን ይዛ ነበር፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው ብዬ አሰብሁ። ደግሞ የተናገረችው ትክክል መሰለኝ። ብዋሽ ኃጢአት ነው፤ ብደብቅም ያው ነው። እውነተኛውን ቃል ብሰጥ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይመዝኑታል አልሁ። ሌሎች አጣመው ሳያቀርቡት በፊት ቀጥ አድርጌ ላቅርበው ብዬም አሰብሁ።

አባቴን ከሜዳው ዳር አስቀምጬ፣ ተራዬ ደርሶ ካቡን ስዞር ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጆሮውን አዘነበለ። "እህ፣ ልጄ?"

"የጥጥ ነጋዴዋ ማክሰኞ እንዲህ አለች" አልሁ። "ይህ ክምር አንድ ቀን ይነዳል። ያን ጊዜ ማን አነደደው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ የቀረውን ለመናገር ትንፋሼን ሳብሁ፤ አመዱን፣ ሳቁን፣ የተለበለበ ጣቷን።

"ደግሞ..." አልሁ።

"ይበቃል። ወፍ ነገር አታበዛም። እለፊ፣ ሰው ከኋላሽ አለ።"

አለፍሁ። እግሬ ራሱ ነው ያለፈው። ካቡን ዞሬ ወደ ሜዳው ወጣሁ፤ አመዱና ሳቁ ሳይነገሩ ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ጭቃ ሹም ተነሥቶ፣ "ሁለት ወፎች በአንድ ቃል ተገናኝተዋል" አለ። ቃሉን ደገመው። ከእኔ አፍ እንደወጣ፣ አንዲት ፊደል ሳይጎድል። በእሱ ወፍራም ድምፅ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ በትሩን እያወዛወዘ ሲለው ሌላ ነገር ሆነ። ከኋላዬ አንዲት ሴት አማተበች።

"ብለሻል ወይስ አላልሽም?" አላት።

የጥጥ ነጋዴዋ ዙሪያዋን አየች። ማን እንደሰማት ታውቃለች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። "ብያለሁ" አለች። "ወላሂ ብያለሁ። ያልሁትን አላልሁም አልልም።"

"አለች እኮ" አለ ጭቃ ሹሙ ወደ ሰዉ ዞሮ። "ይህ ዛቻ ነው።"

"ምን አድርጎኝ እዝትበታለሁ? ገብሱን የለወጠኝ እሱ አይደለም እንዴ?"

"ለዚህ ነገ ጠዋት መልስ ትሰጫለሽ። ዋስ ካለሽ ነገ ጥሪ። ዋስ ከሌለሽ የተቃጠለው እስኪተካ ከዚህ አትወርጂም።"

ነገ ዓርብ ነው። ፊቷ ያን ጊዜ ተለወጠ፤ ከዚያ በፊት የፈራች አትመስልም ነበር።

በደምቡ መሠረት የልብሷ ጫፍ ከሽማግሌው ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። ባለክምሩና ተከሳሿ እስከ ፍርዱ እንዲህ ሆነው ይቆያሉ። እሷ ስትነሣ እሱ ይነሣል፤ እሱ ሲቀመጥ እሷ ትቀመጣለች።

"እንግዲህ እኔ እግሬ ያማል" አላት ሽማግሌው። "ቶሎ ቶሎ አትነሺብኝ።"

"እኔ ደግሞ እሰግዳለሁ" አለችው። "መነሣትም መውደቅም አለበት።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

ስትነግረው፣ "ምነው ቤቴን ያቃጠለው ሌላ ሰው በሆነ" አለ። በአቅራቢያው የነበረ ሰው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ሞከረች።

ሲመሽ ገና ብርሃን ሳለ ከአጥራችን ሆኜ አየኋቸው። እሷ ትሰግዳለች፤ ሽማግሌው ከጎኗ ቆሞ የኩታውን ጫፍ በእጁ ይዞ ያረግብላታል፤ ስትጎነበስ እንዳይጎትታት። የተቃጠለው ጣራው ከኋላቸው ይጨሳል። ለረጅም ጊዜ መመልከት አልቻልሁም።

ገብቼ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። መጽሐፉን ብከፍትም ማንበብ አልቻልሁም።

"አባባ" አልሁ፣ "ወፍ ራሷን ብትገልጥ ምን ትሆናለች?"

"ከዚያ ወዲያ ማንም በፊቷ ነገር አይናገርም" አለ። "ሽማግሌዎቹም ይቆጣሉ። ለሚቀጥለው አውጫጭኝ ማን ደፍሮ ይነግረናል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌላዋ ወፍ ደግሞ፣ ማንም ትሁን ማን፣ ትቀየማታለች።"

ሌላዋ ወፍ ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስጠመቅ ያቀፈችኝ ናት። እናቴ ስትሞት ፀጉሬን የሠራችኝ እሷ ናት። የነገሩን ሙሉ ብናገር የመጀመሪያው ጥያቄ ፍሙን ማን ይዞት ነበር የሚል ነው። እጇ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ያን ጊዜ ገባኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ ስሙ ወደ እሷ ከመምጣቱ በፊት ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ ፈልጋ ነው።

"ዛሬ ጭቃ ሹሙ ቃሉን ሲደግም" አለ አባቴ፣ "ሳይጨመርበት ሳይቀነስ የመጣ ቃል እንደሆነ በጆሮዬ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ያጎድል ነበር።" እጁን ዘርግቶ የተከፈተውን መጽሐፍ ዘጋው። "ያ እንግሊዝ ይህን ቢሰማ በየትኛው ስም ይጽፈው ይመስልሻል?"

"በአንዲቷ።"

"እኛስ?"

ተናጋሪዋን ሳላሳይ ቃሏን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። በአደባባይ መቆም ግን እንደማይሆንልኝ አውቃለሁ። ገና እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ልናገረው የምችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ዓይኔ ከምድጃው ዳር በተኮለኮሉት ገሎች ላይ ዐረፈ።

ዓርብ ጠዋት ፍም ከምድጃው አውጥቼ በገል ላይ አደረግሁ፤ አልሸፈንሁትም። በግራ እጄ አመድ ጨበጥሁ። አባቴ እንደ ወትሮው ትከሻዬን ያዘ።

"እሳት ይሸተኛል" አለ። "ሸፍነሽዋል?"

"አልሸፈንሁትም፣ አባባ።"

"ግድ የለም፤ ጠዋት ነው፣ ነፋስ የለም" አለና ወረድን።

ሜዳው ላይ ጭቃ ሹሙ መናገር ጀምሮ ነበር። ዋስሽን ጥሪ ይላታል፤ ዋሴ ቆላ ነው ያለው ትለዋለች። አባቴን ካቡ ላይ አስቀምጬ በሰዉ መካከል አለፍሁ። ፍሙን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ።

"ይህች ደግሞ እሳት ልትጭር መምጣቷ ነው?" አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

"የመምህሩ ልጅ አይደለሽም?" አለ ጭቃ ሹሙ። "ምን አለሽ?"

ድምፄ እንደፈራሁት ጠፋ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ የወጣ ነገር ግን የለም። ስለዚህ ገሉን ከፍ አድርጌ ያዝሁትና ፍሙ ላይ አመዱን ነሰነስሁት፤ ልክ እንዳየሁት፣ በእፍኜ። ከአመዱ ውስጥ ሙቀቱ ወደ መዳፌ ወጣ። ያን ጊዜ ድምፄ መጣ።

"ወፏ እኔ ነኝ።"

"ወፍ አትናገርም" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ዝም በይ።"

"ቃሉን ሰጠኋችሁ፣ አባቶቼ፤ ያደረገችውን ግን አልሰጠኋችሁም። ፍም ሳይሸፈን በክምሩ አጠገብ ሊያልፍ ሲል አየች። ያን ቃል እየሳቀች አለች፤ እያለችም ተነሥታ እንዲህ አድርጋ ሸፈነችው። ጣቷን አቃጥሏታል። እዩት።"

የጥጥ ነጋዴዋ ቀኝ እጇን አየችው፣ ረስታው እንደነበረ ሁሉ። ከእሷ ጋር የተቋጠረው ሽማግሌ እጇን ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ውሃ የቋጠረውን ጣት በአውራ ጣቱ ነካው።

"ፍሙን የያዘው ማን ነበር?" አለ ጭቃ ሹሙ።

ወደ ሴቶቹ በኩል አላየሁም። ባላይም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበችው የት እንደቆመች አውቅ ነበር። "ማክሰኞ የሄደው ፍም ተሸፍኖ ነው የሄደው" አልሁ። "ክምሩ የተቃጠለው ረቡዕ ነው። የረቡዕን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።"

"እኔ የጠየቅሁሽ..."

"ተዋት እስቲ" አለ ባለክምሩ ሽማግሌ። ጎንበስ ብሎ የኩታውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ ስላልታዘዙለት በጥርሱ ያዘው።

"ፍቱ ሳልል?" አለ ጭቃ ሹሙ።

"ክምሩ የእኔ ነው" አለ ሽማግሌው ቋጠሮውን ከአፉ አውጥቶ። "ኩታውም የእኔ ነው።"

ጭቃ ሹሙ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች አየ። አንደኛው እኔን በቁጣ ተመለከተኝ፤ ሌላኛው ግን ይፈታ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ቋጠሮው ተፈታ። የጥጥ ነጋዴዋ ገብሷን ከቤታችን ለማንሣት እየተቻኮለች በአጠገቤ ስታልፍ ገሉን አየችው።

"አመዱን አበዛሽው" አለችኝ። "ይጠፋብሻል።"

ከዚያ በላይ አላለችኝም። እውነትም ፍሙ እየደበዘዘ ነበር። አባቴን ከካቡ አነሣሁት፤ ትከሻዬን ያዘ። ለጥጥ ነጋዴዋ ስንቅ የሚሆን ቆሎ የምቆላበት እሳት እንዳይጠፋ፣ ገሉ ላይ እፍ እያልሁ ወደ ቤት ወጣሁ።